ቀዩን መብራት የማያዩ ዓይኖች

የግዕዝ ብራና ገልጦ ያየ ሰው ገጹ በሁለት ቀለም መጻፉን ልብ ይላል። ጸሐፊው ሁለት የቀለም ቀንድ አጠገቡ ይተክላል፤ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ቀይ። ንባቡ በጥቁሩ ይወርዳል። የምዕራፍ መነሻ ላይ፣ የእመቤታችን ወይም የቅዱሳን ስም ላይ ሲደርስ ግን ብርዑን ይለውጣል። አንባቢው ቀዩን ሲያይ የት እንደሚጀምር፣ የትኛውን ስም በአክብሮት እንደሚጠራ ያውቃል። ይሁንና ቀይና ጥቁር የማይለይ ዓይን ያለው ዲያቆን ያንኑ ገጽ ቢያነብ የሚያመልጠው ቃል የለም፤ ስሙ በፊደል ተጽፏል። ቀለሙ አጃቢ ነው።

አጃቢነቱ ቀርቶ መልእክቱን ብቻውን እንዲሸከም የተፈረደበት በባቡር ዘመን ነው። ነገሩ የሚጀምረው ግን ሐዲዱ ከመዘርጋቱ አርባ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፣ በአንድ እንግሊዛዊ መምህርና በአንድ አበባ ነው። (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጆን ዳልተን በ1766 በሰሜን እንግሊዝ ከሸማኔ አባት ተወለደ። ኋላ በአተም ንድፈ ሐሳቡ ስሙ ዓለምን ያዳረሰ ኬሚስት ሆነ፤ በ1792 ግን ገና የሃያ ስድስት ዓመት አስተማሪ ነበር። በዚያ ዓመት አንድ ምሽት የጄራንየም አበባ በሻማ ብርሃን ተመለከተ። ቀን ላይ ሰማያዊ መስሎ የሚታየው አበባ ማታ ቀይ ሆኖ አገኘው። ተገርሞ ለወዳጆቹ ቢነግራቸው አበባው ሮዝ ነው፣ ቀንም ማታም ያው ነው አሉት። የእሱን ቃል የደገፈለት ወንድሙ ብቻ ነበር።

ሌላ ሰው ቢሆን በነገሩ ስቆ ያልፍ ነበር። ዳልተን ግን ራሱን እንደ ናሙና ቆጥሮ መመርመር ጀመረ፤ በኦክቶበር 31 ቀን 1794ም ያገኘውን ለማንችስተር የሥነ ጽሑፍና የፍልስፍና ማኅበር አቀረበ። ፖስታ የሚታሸግበት ቀይ ሰምና የሎረል ቅጠል ለእርሱ ዓይን አንድ ናቸው። በቀስተ ደመና ላይ ሌላው ሰው ቀይ፣ ብርቱካናማ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ ብሎ የሚለየውን እርሱ በጅምላ ቢጫ ይለዋል። ከእርሱ በፊትም እንዲህ ያለ ዓይን ያላቸው ሰዎች ነበሩ፤ ነገሩን ከውስጥ ሆኖ በሳይንስ ቋንቋ የገለጸው ግን እርሱ ነው። እስከ ዛሬ በፈረንሳይኛና በሌሎች ቋንቋዎች ችግሩ በስሙ ዳልቶኒዝም ይባላል። መንስኤውን ሲያስረዳ ግን ሳተ። ዓይኑን የሞላው ፈሳሽ ሰማያዊ ቀለም ቢኖረው ነው ብሎ ገመተና ሲሞት ዓይኖቹ ወጥተው እንዲታዩለት ተናዘዘ። በ1844 ሲያርፍ ሐኪሙ ጆሴፍ ራንሰም ኑዛዜውን ፈጸመ፤ ፈሳሹ እንደ ውኃ የጠራ ነበር። የዓይኖቹ ቅሪት ግን አልተጣለም።

ዳልተን በሕይወት ሳለ፣ በሚኖርባት በማንችስተር፣ ዓለምን የቀየረ ነገር ተከፈተ። በሴፕቴምበር 15 ቀን 1830 የሊቨርፑልና የማንችስተር የባቡር መስመር ተመረቀ። ባቡር ከዚያ በፊት ሰው ከሚያውቃቸው መጓጓዣዎች የሚለይበት አንዱ ነገር በቶሎ አለመቆሙ ነው። ነጂው ከፊቱ የቆመ ነገር አይቶ ፍሬን ቢይዝም ባቡሩ ብዙ መቶ ሜትር ይነጉዳል። ስለዚህ አደጋው ገና ሳይታይ ወሬው ቀድሞ መድረስ አለበት። ቀን ላይ ሰው ቆሞ ባንዲራ ያውለበልባል፣ ወይም እጁን ይዘረጋል። በሌሊት የሚታየው የፋኖስ ብርሃን ብቻ ነው። ከሩቅ የሚታይ ፋኖስ ደግሞ ነጥብ ነው፤ ፊደል አይጻፍበትም፣ ቅርጽ አይወጣለትም። ሊለወጥ የሚችለው አንድ ነገር ቀለሙ ነው።

በጃንዋሪ 1841 የእንግሊዝ ባቡር ኩባንያዎች ኃላፊዎች በርሚንግሃም ላይ ተሰብስበው በአንድ ደንብ ተስማሙ። ቀይ ቁም፣ አረንጓዴ ተጠንቀቅ፣ ነጭ እለፍ። ለዛሬ አንባቢ አረንጓዴው በቢጫው ቦታ መቀመጡ እንግዳ ሊሆንበት ይችላል፤ ያን ጊዜ ግን መንገዱ ንጹሕ ነው ማለት ባለ ተራ መስታወት ፋኖስ ነበር።

ነጩ ብዙ ሳይቆይ ጉድ አመጣ። የቀዩ ፋኖስ መስታወት በንዝረት ወይም በድንጋይ ተሰብሮ ቢወድቅ ከኋላው ያለው ነበልባል ነጭ ሆኖ ይታያል፤ «ቁም» ያለው ምልክት በአንድ አፍታ «እለፍ» ይላል። ከተሞች እየሰፉ ሲሄዱም የቤት መብራትና የመንገድ ፋኖስ ከሐዲዱ ምልክት ጋር ይምታታ ጀመር። ይህ ሁሉ ግን ጤናማ ዓይን ያለው ነጂም የሚገጥመው ችግር ነው። ከሥሩ ሌላ ችግር ነበረ።

የኤድንበራው ኬሚስት ጆርጅ ዊልሰን በ1855 ባሳተመው መጽሐፍ ቀለም ስለማይለዩ ሰዎች ብዙ ምርመራ ካቀረበ በኋላ አስጠነቀቀ፤ የባቡርና የመርከብ ምልክት በቀይና በአረንጓዴ ላይ መቆሙ አደገኛ ነው አለ። ከሁሉም ቀለሞች በብዛት የሚምታቱት እነዚያው ሁለቱ ናቸውና። ሰሚ ግን አላገኘም። እንዲያውም ምልክቱ ከሐዲድ ወርዶ ጎዳና ገባ። በዲሴምበር 1868 ጆን ፒክ ናይት የተባለ የባቡር መሐንዲስ ለንደን ውስጥ፣ ከምክር ቤቱ ሕንፃ አጠገብ፣ የመጀመሪያውን የትራፊክ ምልክት አቆመ። ቀን ቀን ክንዶቹ ከፍና ዝቅ ይላሉ፤ ማታ በጋዝ የሚነዱ ቀይና አረንጓዴ መብራቶች ይተኳቸዋል። ወር ያህል ከሠራ በኋላ ጋዙ ፈንድቶ ምልክቱን የሚያንቀሳቅሰውን ፖሊስ ጎዳ፤ ጎዳናውም ለአሥርት ዓመታት ወደ ፖሊስ እጅ ምልክት ተመለሰ።

በ1875 ኖቬምበር፣ ከ14 ለ15 አጥቢያ ሌሊት፣ በስዊድን ላገርሉንዳ በተባለ ስፍራ ሁለት ፈጣን ባቡሮች በአንድ ሐዲድ ላይ ፊት ለፊት ተጋጩ። ሰዎች ሞቱ፤ ፍርድ ቤት ጥፋቱን በሠራተኞች መካከል ሲያከፋፍል ከረመ። ከአደጋው ሁለት ወር በኋላ እንግሊዝ ውስጥ አቦትስ ሪፕተን ላይ ሌላ መቅሠፍት ወረደ። በዚያ ምሽት የነበረው በረዶ ምልክት ሰጪ ክንዶችን «እለፍ» እንዳሉ አደረቃቸው፤ ወደ ደቡብ የሚገሰግሰው ባቡር በድንጋይ ከሰል ጫኝ ላይ ወጣ፤ ከለንደን የመጣ ሌላ ባቡር ደግሞ ፍርስራሹ ላይ ደረሰ። የሞቱት ከአሥራ ሁለት በላይ ናቸው። ከዚህ በኋላ የእንግሊዝ ባቡሮች ነጩን «እለፍ» እየተዉ አረንጓዴውን በቦታው አስቀመጡ፤ በ1890ዎቹ መጀመሪያም ነገሩ ደንብ ሆነ። ዛሬ በየመስቀለኛ መንገዱ የምናየው አረንጓዴ «እለፍ» የተወለደው ከዚህ ለውጥ ነው።

የስዊድኑ አደጋ ግን ወደ ሌላ አቅጣጫ ሄደ። በኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ የፊዚዮሎጂ ፕሮፌሰር የነበረው ፍሪቲዮፍ ሆልምግሬን የአደጋውን ዝርዝር አንብቦ ጥርጣሬ ገባው። ከሎኮሞቲቩ ላይ የነበረ ሰው ቀለም የማይለይ ቢሆንስ? በኡፕሳላና በዬቭሌ መካከል ያለውን መስመር ኃላፊዎች አስፈቅዶ 266 ሠራተኞችን አንድ በአንድ መረመረ። 13ቱ ቀለም የመለየት ችግር ነበረባቸው። እነዚህ ሰዎች በየቀኑ ሥራቸው ላይ የነበሩ፣ ከዚያ በፊት ማንም ያልጠየቃቸው ናቸው።

የመረመረበት ዘዴ ራሱ ሊወራለት የሚገባ ነው። ሆልምግሬን ለማንም ሰው ቀይ ጨርቅ አንሥቶ «ይህ ምን ቀለም ነው?» ብሎ አልጠየቀም። እንዲህ ያለው ጥያቄ ከንቱ መሆኑን ያውቃል፤ ቀለም የማይለይ ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ ሳር አረንጓዴ፣ ደም ቀይ መሆኑን ከሰው አፍ ተምሯል፤ የብርሃኑን ድምቀትና የነገሩን ቦታ አይቶ ገምቶ ይመልሳል፣ ብዙ ጊዜም ይሳካለታል። ስለዚህ ጠረጴዛ ላይ በልዩ ልዩ ቀለም የተነከሩ የሱፍ ክር ጥቅሎች ከመረ። ከመካከላቸው አንድ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ አንሥቶ ለብቻው ያስቀምጥና «ይህን የሚመስሉትን ምረጥ» ይላል። ስም መጥራት የለም። ዓይኑ ደህና የሆነ ሰው አረንጓዴ አረንጓዴውን በፍጥነት ለቅሞ ይጨርሳል። ችግር ያለበት ግን ግራጫውን፣ ክሬሙን፣ ፈዛዛ ቡናማውን ከአረንጓዴው ጋር ይከምራል፤ አንሥቶ መልሶ ይጥላል፤ ያመነታል። ቀጥሎ ሮዝ መሰል ሐምራዊ፣ ከዚያ ቀይ ይቀርብለታል፤ የትኞቹን እንደቀላቀለ ታይቶ የችግሩ ዓይነት ይለያል። ምርመራው ከጥቂት ደቂቃ አይበልጥም፤ ዕቃው ከየትም ገበያ የሚገኝ ክር ነው።

በ1877 መጽሐፉ ወጣ፤ የስዊድን ባቡሮችም ምርመራውን ግዴታ አደረጉ። ዘዴው ወዲያው ወደ ሌሎች የአውሮፓ አገሮችና ወደ አሜሪካ ተሻገረ። ቦስተን ላይ የዓይን ሐኪሙ ቤንጃሚን ጆይ ጄፍሪስ በ1879 ስለ አደጋውና ስለ መከላከያው የራሱን መጽሐፍ አሳትሞ ሰበከለት። ባቡር ነጂዎች ግን በደስታ አልተቀበሉትም። ዕድሜውን ሙሉ አንድም ምልክት ሳይስት ባቡር የነዳ ሰው፣ የሴት ሥራ በሚመስል የክር ክምር ፊት ተቀምጦ እንጀራውን ሲያጣ ምን እንደሚሰማው መገመት አያዳግትም።

በ2012 የካምብሪጁ ጆን ሞለንና አንድ ባልደረባው የላገርሉንዳን መዛግብት እንደገና መርምረው አደጋው በቀለም ስህተት ስለመድረሱ አጥጋቢ ማስረጃ የለም አሉ። ሆልምግሬን ደካማ ምስክር ይዞ እውነተኛ ክስ አቀረበ ማለት ይቻላል። ከ266 ሠራተኞች መካከል የተገኙትን 13ቱን ማንም አላስተባበለም።

ልብ መባል ያለበት ግን መፍትሔው የወደቀበት ትከሻ ነው። ምልክቱን ማሻሻል ሲቻል ሰውየው ከሥራ ተባረረ። ይህ አካሄድ ለብዙ አሥርት ዓመታት ቀጠለ፤ ምርመራው ብቻ እየረቀቀ ሄደ። የክሩን ቦታ በነጠብጣብ የተሞሉ ሰሌዳዎች ወሰዱ። ጀርመናዊው ያኮብ ሽቲሊንግ ሐሳቡን በ1870ዎቹ ቢጀምረውም የዓለምን ክሊኒክ የያዘው ጃፓናዊው የጦር ሠራዊት ሐኪም ሺኖቡ ኢሺሃራ ነው። በ1917 ባሳተማቸው ሰሌዳዎች ላይ በትናንሽ ባለ ቀለም ክቦች መካከል ቁጥር ተሸሽጓል፤ ቀለም የሚለይ ዓይን ቁጥሩን ያነባል፣ የማይለይ ዓይን ሌላ ቁጥር ወይም ባዶ ነጠብጣብ ያያል።

የንድፍ ሰዎች ምልክቱን ራሱን መመርመር የጀመሩት አውቶሞቢል ከተማ ሲሞላ ነው። በኦገስት 5 ቀን 1914 በአሜሪካ ክሊቭላንድ ከተማ፣ በዩክሊድ ጎዳናና በምሥራቅ 105ኛ መንገድ መገናኛ ላይ፣ በኤሌክትሪክ የሚበራ የትራፊክ ምልክት ተተከለ። ሁለት መብራት ነበረው፤ ቀይና አረንጓዴ። ቀለሙ ሊለወጥ ሲል የሚያስጠነቅቅ ጩኸትም ነበረው፤ ያ ድምፅ ለዓይን ብቻ የተተወ መልእክት አለመሆኑን ያሳያል፣ ምንም እንኳ ኋላ ቢረሳም። በ1920 ዲትሮይት ላይ የፖሊስ ባልደረባው ዊሊያም ፖትስ ከባቡር ሐዲድ ምልክት የተዋሰውን ቢጫ ጨምሮ ባለ ሦስት ቀለሙን፣ በአራት አቅጣጫ የሚታየውን መብራት ሠራ።

ከቀለሙ ይልቅ ብዙ ሾፌር ያተረፈው ግን ቦታው ነው። መብራቶቹ ከላይ ወደ ታች ሲደረደሩ ቀዩ ሁልጊዜ ከላይ ይሆናል። ቀይና አረንጓዴ የማይለይ ሾፌር «ላይኛው በርቷል» ብሎ ይቆማል። በ1968 ቪየና ላይ የተፈረመው ዓለም አቀፍ የመንገድ ምልክቶች ስምምነትም ይህንኑ ደነገገ። አረንጓዴው መስታወትም ወደ ሰማያዊ እንዲያደላ ተደረገ፤ ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ዳልተንን የመሰለ ዓይን አረንጓዴን ከቀይ ባይለይም ሰማያዊን ይለያል። ይህን ሥርዓት አፍርሶ በኩራት የኖረ አንድ ሰፈር ግን አለ። በኒውዮርክ ግዛት ሲራኪዩስ ከተማ የአየርላንድ ተወላጆች በሰፈሩበት ቲፐሬሪ ሂል፣ በ1920ዎቹ መብራት ሲተከል የሰፈሩ ጎረምሶች የእንግሊዝ ቀይ ከአየርላንድ አረንጓዴ በላይ አይቀመጥም ብለው በድንጋይ ደጋግመው ሰበሩት። ማዘጋጃ ቤቱ እጅ ሰጠ። አረንጓዴው ዛሬም ከላይ ነው፤ እዚያ የሚያልፍ ቀለም የማይለይ እንግዳ ይጠንቀቅ።

የቁም ምልክትም ትምህርት አለው። አሜሪካኖች በ1920ዎቹ ባለ ስምንት ማዕዘን ቅርጽ ሲመርጡለት ቀለሙ ቢጫ ነበር፤ በዚያን ጊዜ ያለው ቀይ ቀለም በፀሐይ ቶሎ ይደበዝዛልና። ወደ ቀይ የተለወጠው በ1954 ነው። ሦስት አሥርት ዓመታት ሙሉ ቢጫ ሆኖም ሾፌር ያቆም ነበር፤ ምክንያቱም ቅርጹ ከሌላ ምልክት ጋር አይመሳሰልም፣ ከፊቱም ላይ ቃሉ ተጽፏል። አዲስ አበባ ላይ «ቁም» የሚለው ሰሌዳ ያንኑ ስምንት ማዕዘን ይዟል፤ በኋላው በኩል የሚመጣ ሾፌር እንኳ ጀርባውን አይቶ ያውቀዋል።

በሌላ በኩል በዚያው ዘመን ቀለም ብቻውን የነገሠበት ድንቅ ሥራ ተወለደ። ሃሪ ቤክ የተባለ የለንደን ምድር ውስጥ ባቡር ንድፍ ሠራተኛ በ1931 የመስመሮቹን ካርታ ከመሬት ርቀት አላቅቆ ቀጥ ያሉ መስመሮች አድርጎ ሣለ። መጀመሪያ ተጣለበት፤ በ1933 ታትሞ ሲወጣ ግን ሕዝቡ ወደደው። እያንዳንዱ መስመር የራሱ ቀለም ስላለው ተጓዡ ቀይዋን ወይም ሰማያዊዋን በዓይኑ ተከትሎ ጣቢያው ይደርሳል። የዓለም ሜትሮዎች በሙሉ ማለት ይቻላል ከእርሱ ቀዱ። ውበቱን መካድ አይቻልም። ሆኖም መስመሮቹ በበዙ ቁጥር ቀለም አለቀ፤ አረንጓዴው ከቡናማው፣ ሮዙ ከግራጫው ጋር ለብዙ ዓይን ይቀላቀል ጀመር። የለንደን ትራንስፖርት ዛሬ ከባለ ቀለሙ ካርታ ጎን ለጎን በጥቁርና ነጭ፣ መስመሮቹን በሰረዝና በነጠብጣብ የለየ ካርታ ያትማል።

ኤሌክትሪክ ሠራተኞችም ተመሳሳይ ትምህርት ቀስመዋል። በእንግሊዝ የቤት ዕቃ ገመድ ውስጥ የሚገድለው ሽቦ ቀይ፣ ወደ መሬት የሚሄደው አረንጓዴ ነበር፤ ከዚህ የከፋ ምርጫ ማሰብ ያስቸግራል። በ1960ዎቹ መጨረሻ አውሮፓ በአንድ ደንብ ሲስማማ ኤሌክትሪክ ተሸካሚው ቡናማ፣ መላሹ ሰማያዊ ሆነ። የመሬቱ ሽቦ ደግሞ አረንጓዴና ቢጫ መስመር ተደርጎበታል። ቀለሙን የማይለይ ሰው መስመሩን ያያል። ዛሬ አገራችን በሚገባው ገመድ ውስጥ ያለው ዥንጉርጉር ሽቦ ያ ነው።

የዳልተን ዓይኖች ታሪክ በ1995 ተቋጨ። ተመራማሪዎች ከተቀመጠው ቅሪት ዲኤንኤ አውጥተው ሲመረምሩ መካከለኛውን የብርሃን ሞገድ፣ ማለትም አረንጓዴ አካባቢ ያለውን፣ የሚቀበለው ንጥረ ነገር ዘር በእርሱ ውስጥ እንደሌለ አገኙ። ዘሩ ያለው በኤክስ ክሮሞዞም ላይ ነው። ወንድ አንድ ኤክስ ብቻ ስላለው መጠባበቂያ የለውም፤ ችግሩ በወንዶች ላይ የሚበዛው ለዚህ ነው። ከአውሮፓ ዝርያ ወንዶች ከመቶ 8 ያህሉ፣ ከሴቶች ከሁለት መቶ አንዷ ቀይና አረንጓዴን ይቀላቅላሉ። በአፍሪካ ቁጥሩ ዝቅ ይላል፤ ግን አይጠፋም።

ኮምፒውተር ሲመጣ ቀለም ርካሽ ሆነ። በቀለም ማተም ገንዘብ የሚጠይቅበት ዘመን አለፈና እያንዳንዱ ንድፍ ሠሪ በአንድ ጠቅታ ሚሊዮን ቀለም አገኘ። ውጤቱም የሚጠበቅ ነበር። የተሳሳተ ሳጥን በቀይ ይከበባል፣ የተሳካው በአረንጓዴ፤ የአክሲዮን ዋጋ ሲወድቅ ቀይ፣ ሲወጣ አረንጓዴ። የ1841ዱ የበርሚንግሃም ደንብ፣ ነጩ ተነሥቶ፣ በስክሪን ላይ እንደገና ነገሠ። በሜይ 1999 የዎርልድ ዋይድ ዌብ ኮንሶርቲየም ለድረ ገጽ ሠሪዎች የመጀመሪያውን የተደራሽነት መመሪያ ሲያወጣ በቀለም ብቻ አትተማመኑ የሚል አንቀጽ አስገባ፤ በ2008ቱ እትም ደግሞ የሚፈተሽ መስፈርት አደረገው። ጆርጅ ዊልሰን ካስጠነቀቀ 144 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። የፌስቡክ መሥራች ማርክ ዙከርበርግ ቀይና አረንጓዴ የማይለይ መሆኑንና ገጹ ሰማያዊ የሆነው ሰማያዊን አጥርቶ ስለሚያይ መሆኑን በ2010 ተናግሯል፤ በዓለም በብዛት ከሚታዩት ቀለሞች አንዱ የተመረጠው እንግዲህ በዳልተን ዓይን ነው።

ደንብ መውጣቱ ግን ሁሉን አላስተካከለም። በኖቬምበር 12 ቀን 2015 በአሜሪካ እግር ኳስ ቡፋሎ ቢልስ ከእግር እስከ ራሱ ቀይ፣ ኒውዮርክ ጄትስ ከእግር እስከ ራሱ አረንጓዴ ለብሰው በቴሌቪዥን ተጋጠሙ። ብዙ ተመልካች ሃያ ሁለት ተመሳሳይ ሰዎች ሲራኮቱ አየ። ሊጉ ማሊያዎቹን ሲመርጥ ይህን ችግር እንዳላሰበው አመነ። ሦስት ዓመት ሳይሞላ፣ በጁን 14 ቀን 2018፣ በሞስኮ የዓለም ዋንጫ መክፈቻ ላይ ሩሲያ በቀይ፣ ሳዑዲ ዓረቢያ በአረንጓዴ ገቡ። ሩሲያ 5 ለ 0 አሸነፈች፤ አምስቱን ጎል ማን ለማን እንዳገባ ለመለየት የተቸገሩ ሰዎች ቅሬታ በእንግሊዝ ጋዜጦች ላይ ወጣ።

ለመጽሔት ሠንጠረዥ፣ ለክሊኒክ ሰሌዳ ወይም ለስልክ መተግበሪያ ቀለም የምትመርጡ የንድፍ ባለሙያዎች፣ ሥራችሁን ከማስረከባችሁ በፊት አንድ ቅጂ በጥቁርና ነጭ አትሙና ጉዳዩን ለማያውቅ ሰው ስጡት። ያላነበበው ነገር ካለ ቃል ጻፉበት፣ ቅርጽ ስጡት ወይም ቦታውን ለውጡ።